ኪቦርዱ ክንዳችንን ይከተል

አዲስ ኪቦርድ ከካርቶኑ የሚያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልበጥ አድርጎ ከኋላ በኩል ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ እግሮች መዘርጋት ነው። እግሮቹ እስካሉ ድረስ መዘርጋት ያለባቸው ስለሚመስለን፣ አጥፈን ከተውናቸው ዕቃውን በትክክል ያልተጠቀምንበት ያህል ይሰማናል። ጅማ ውስጥ በኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ የምተዳደር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከኪቦርድ የማልለይ ሴት እንደ መሆኔ መጠን በዚህ ጉዳይ ላይ የጸና አቋም አለኝ፤ ይኸውም የኪቦርድን ተዳፋት የሚወስነው የጸሐፊው ክንድ እንጂ የእግሩ መኖር ወይም አለመኖር አይደለም የሚል ነው። ክንዱ ከክርን ወደ እጅ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ኪቦርዱም ሽቅብ ይውጣ፤ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ኪቦርዱም ቁልቁል ይውረድ፤ አግድም የተዘረጋ ከሆነ ደግሞ ኪቦርዱ አግድም ይተኛ። ይህን ለማድረግ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በየጽሑፍ ቤቱና በየአናጺው ደጃፍ ወድቆ የሚገኘው ነገር ይበቃል።

ጉዳዩ እንደ እኛ ላለ ጸሐፊ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። አማርኛን በድምፅ በሚጻፍበት አሠራር፣ ማለትም ተነባቢውንና አናባቢውን በየተራ እየመቱ ሲጽፉ፣ «ሰላም» የምትለው ባለሦስት ፊደል ቃል አምስት ምት ትፈጃለች። ጥ፣ ጭ፣ ኝ እና ጵ ሲመጡ ደግሞ ትንሿ ጣት የሺፍት ቁልፍን ይዛ መቆየት አለባት። ጅማ ላይ የሚሠራ ጸሐፊ አፋን ኦሮሞም መጻፉ አይቀርም፤ በቁቤ ደግሞ የሚረዝመው አናባቢም የሚጠብቀው ተነባቢም ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚመታ ጣቶች እዚያም ዕረፍት አያገኙም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች የጥናት ጽሑፋቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ከዚያ ጋር የፍርድ ቤት አቤቱታውና የቡና ነጋዴው ውል ሲደራረብ፣ በትንሹ የተጣመመ አንጓ እንኳ በቀኑ መጨረሻ ላይ ሕመሙን ያሳውቃል።

የእጅ አንጓ ለምን እንዲህ ስስ እንደ ሆነ ማወቅ ጠቃሚ ነው። በአንጓችን የውስጥ በኩል፣ ከ8ቱ ትንንሽ የአንጓ አጥንቶች በላይ፣ አንድ ጠንካራ ማሰሪያ የሸፈነው ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፋሉ፤ ነርቩም ለአውራ ጣት፣ ለአመልካች ጣት፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጠው ነው። አንጓችን ቀጥ ብሎ ሲቆይ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ እጃችንን ወደ ላይ ቀልብሰን ስንይዝ ግን ግፊቱ ይጨምራል። የመደንዘዝና የመውጋት ስሜት ከብዙ ምክንያት ሊመጣ ስለሚችል፣ ለምሳሌ የስኳር ሕመምና እርግዝናም ሊያመጡት ስለሚችሉ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መደንዘዝ ያለበት ሰው ከኪቦርዱ ሥር የሚገባ ሽብልቅ ከማስተካከል በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ጤነኛ የሆንነው ግን ቀኑን ሙሉ አንጓችንን ቀልብሰን የምንውልበት አንዳች ምክንያት የለንም።

አንጓችን መታጠፍ አለመታጠፉን በዓይን ገምቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ የሚጽፈው ሰው የገዛ እጁን የሚያየው ከላይ ስለሆነ መታጠፉ አይታየውም። እኛ ጋ የምንጠቀምበት መንገድ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ነው። ጸሐፊው እንደ ወትሮው እየጻፈ ሳለ የሥራ ባልደረባው ከጎኑ ይቆምና ማስመሪያውን ከእጁ ጀርባ ጀምሮ እስከ ክንዱ ድረስ ያስተኛዋል። አንጓው ቀጥ ያለ ከሆነ ማስመሪያው ከዳር እስከ ዳር ቆዳውን ነክቶ ይተኛል። እጁ ወደ ላይ የተቀለበሰ ከሆነ ግን ማስመሪያው የጣቶቹን መነሻና የክንዱን መሐል ብቻ ይነካና አንጓው ላይ ሲደርስ ከሥሩ ክፍተት ይታያል፤ በክፍተቱም ብርሃን ያልፋል። በዚያ ክፍተት ውስጥ እርሳስ ማሾለክ ከተቻለ የኪቦርዱን ተዳፋት ማስተካከል የግድ ነው ብዬ አምናለሁ። እጁ ወደ ታች የታጠፈ እንደ ሆነ ደግሞ ማስመሪያው አንጓው ጉብታ ላይ ተቀምጦ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህን ፈተና ከማድረግ በፊት የትኛውንም ዕቃ ከኪቦርድ ሥር ማስገባት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጠረጴዛው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በኪቦርዱ የሚያሳብበው ጥፋት በእርግጥ የጠረጴዛውና የወንበሩ ነው። አናጺዎቻችን የሚሠሩት ጠረጴዛ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከፍታ አለው፤ ይህም በብዕር ለመጻፍና ምግብ ለመብላት የተለመደ ልክ ነው። የምንቀመጥበት የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫው ከመሬት ከ42 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቁመቷ አጠር ያለ ጸሐፊ እዚያ ላይ ስትቀመጥ ክርኗ ከጠረጴዛው ገጽ በብዙ ዝቅ ይላል፤ ክንዷም ሽቅብ ይወጣል። ለእንደዚህ ዓይነቷ ጸሐፊ የመጀመሪያው መፍትሔ መቀመጫዋን በጠንካራ ስፖንጅ ወይም በታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ስታደርግ እግሯ ከመሬት ስለሚንጠለጠል ወረቀት የሞላ የኤ4 ካርቶን ከእግሯ ሥር ማስቀመጥ ይገባል፤ ባዶ ካርቶን ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይጨፈለቃል። መቀመጫውን ከፍ ማድረግ ካልተቻለ፣ ያን ጊዜ የኪቦርዱን የኋላ ክፍል ከፍ ማድረግ ተገቢ ይሆናል፤ ምክንያቱም ክንዱ ራሱ ሽቅብ እየወጣ ስለሆነ ኪቦርዱ ሽቅብ ቢያዘነብል እጅን ከክንድ ጋር በአንድ መሥመር ያቆየዋል። ትከሻ የመሰቀሉ ችግር ግን በዚህ አይፈታም።

በተቃራኒው ከጠረጴዛው ሥር የሚሳብ የኪቦርድ መሳቢያ ያለው ሰው፣ ወይም ረጅም ቁመት ኖሮት ከፍ ባለ ወንበር የሚቀመጥ ሰው፣ እጁ ከክርኑ በታች ይወርዳል። ለዚህ ሰው የኋላ እግሮችን መዘርጋት በቀጥታ ጉዳት ነው፤ ክንዱ ቁልቁል እየወረደ ኪቦርዱ ሽቅብ ስለሚቆም አንጓው መሐል ላይ ይሰበራል። እሱ የሚያስፈልገው የኪቦርዱ የፊት ክፍል፣ ማለትም የክፍተት ቁልፉ ያለበት ወገን፣ ከፍ ብሎ ጀርባው ዝቅ እንዲል ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች ግር ይላቸዋል፤ ኪቦርድ ወደ ፊት አዘንብሎ እንጂ ወደ ኋላ አዘንብሎ አይተው ስለማያውቁ ነው። ግን ጥቂት ገጾች ጽፈውበት ማስመሪያውን ሲያስተኙ ክፍተቱ እንደ ጠፋ ራሳቸው ያያሉ። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የኋላ እግር እንጂ የፊት እግር አለመሥራታቸው ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱን ከፍታ በእጃችን ከመሥራት በቀር ምርጫ የለንም።

የኋላ እግር ለምን እንደ ተለመደ ሲታሰብ መነሻው የጽሕፈት መኪና ይመስለኛል። በጽሕፈት መኪና ላይ እያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ከፊተኛው ከፍ ብሎ እንደ ደረጃ የተደረደረ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣም ሰው ያንን አቀማመጥ ይጠብቅ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ሞዴል ኤም ኪቦርድም ከኋላ የሚዘረጋ እግር ነበረው። በዚያው ዘመን የጀርመን ደረጃ የኪቦርድ የመሐል ረድፍ ከጠረጴዛው ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይጠይቅ የነበረው የእጅ ድካምን ለመቀነስ ነው። እግሩ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ቁልፎቹን እያየ ለሚጽፍ ጀማሪ ፊደላቱን ወደ ዓይኑ ያቀርብለታል። በተለይ የአማርኛ ፊደል ተለጣፊ ቁልፎቹ ላይ ለጥፎ የሚለማመድ ሰው ይህ ይጠቅመዋል። ሳያይ መጻፍ የለመደ ሰው ግን ይህ ጥቅም ስለማይመለከተው እግሩን አጥፎ ቢጀምር ይሻለዋል።

አሁን ወደ ቁሳቁሱ ልምጣ። ከሁሉ የምመርጠው የእንጨት ሽብልቅ ነው፤ ጅማ ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። የዋንዛ ቁራጭ በየአናጺው ደጅ ይገኛል፤ ዋንዛ ለመላግና ለመሞረድ የማያስቸግር፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም እንጨት ነው። የእኔን የሠሩልኝ አናጺ ልኩን በወረቀት ሥዬ ስሰጣቸው «ልጄ፣ ይህ ሽብልቅ ለየትኛው በር ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ለኪቦርድ መሆኑን ካስረዳኋቸው በኋላ ግን ከእኔ የበለጠ ተጠነቀቁለት። ልኩ እንዲህ ነው፦ ርዝመቱ ከኪቦርዱ ርዝመት ጥቂት የሚያንስ፣ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀጭን ዘንግ ይቆረጣል፤ ወፍራሙ ጠርዝ የምንፈልገውን ከፍታ ያህል ሆኖ ወደ ሌላው ጠርዝ እየሳሳ እንዲሄድ ይላጋል። በብርጭቆ ወረቀት ከተፋገ በኋላ ከላይም ከታችም ከአሮጌ ከለመዳሪያ (የጎማ የውስጥ ቱቦ) የተቆረጠ ቀጭን ጎማ በማስቲሽ ይለጠፍበታል። ጎማው ከሌለ ኪቦርዱ በእያንዳንዱ ጠንካራ ምት ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ማታ ላይ ሌላ ቦታ ይገኛል። ማስቲሹን ቀብቶ ወዲያው ማጣበቅ ጥሩ አይደለም፤ ሁለቱም ገጾች በጣት ሲነኩ የማያጣብቁ እስኪሆኑ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በክረምት ርጥበት ደግሞ ከበጋው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

የሽብልቁን ከፍታ ለመወሰን ቀላል ስሌት ይበቃል። ከኪቦርዱ የፊት ጎማ እስከ ኋላው መቀመጫ ያለው ርቀት 14 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንዱን ወገን በ1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ 4 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ይሰጣል፤ 2 ሳንቲ ሜትር 8 ዲግሪ ያህል፣ 3 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 12 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ብዙ ኪቦርድ እግሩ ሳይዘረጋም በተፈጥሮው ትንሽ ሽቅብ የሚያዘነብል መሆኑን አለመርሳት ነው። ስለዚህ የፊቱን ክፍል 1 ሳንቲ ሜትር ማንሳት በአንዳንዱ ኪቦርድ አግድም ከማድረግ አያልፍም። እንጨት ከማስቆረጥ በፊት ልኩን በካርቶን ወረቀት መሞከር ይገባል፤ የካርቶን ቁራጮችን እየደራረቡ፣ በየጊዜው በማስመሪያ እየለኩ፣ ክፍተቱ ሲጠፋ የድርድሩን ውፍረት መውሰድ ነው።

እንጨት እስኪሠራ ድረስ፣ ወይም ጨርሶ የማይፈልግ ሰው፣ ሌላም ብዙ አማራጭ አለው። ከእነዚህ ውስጥ እኔ በላጩ የምለው ላጲስ ነው። ነጩ ላጲስ በምላጭ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲሰነጠቅ ሁለት እኩል ሽብልቅ ይወጣዋል፤ ጎማነት ስላለው አይንሸራተትም፣ የምቱንም ድምፅ ይቀንሳል። የሃይላንድ ክዳን ደግሞ እግሩ ለተሰበረ ኪቦርድ ፈጣን መድኃኒት ነው፤ ክዳኖች ከአንድ ዓይነት ጠርሙስ ከሆኑ ከፍታቸው እኩል ነው፣ በባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ተለጥፈውም ብዙ ይቆያሉ። የለስላሳ ቆርኪ ግን ዝቅተኛ ከመሆኑም በላይ ጥርሱ ጠረጴዛ ስለሚቧጭር አልመክረውም። ለጥራዝ የምንጠቀምበት የፕላስቲክ ስፓይራል በየመጠኑ ስለሚገኝ፣ ባለ 10፣ ባለ 12፣ ባለ 14 ሚሊ ሜትሩን እየቀያየሩ ልክን ለመፈለግ እጅግ ይመቻል፤ ነገር ግን ክፍት ቱቦ ስለሆነ በእጅ ክብደት እየተጫነ ይጨፈለቃልና ለዘለቄታው አይሆንም። የታጠፈ ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት ያስቀመጡት ከፍታ ከሰዓት በኋላ አይገኝም።

ሁለት ነጠላ መደገፊያ ከግራና ከቀኝ ስናስቀምጥ የሚመጣው ትልቁ ችግር መንቀጥቀጥ ነው። የጅማ በርጩማ ባልተስተካከለ መሬት ላይ እንኳ የማይንቀጠቀጠው ሦስት እግር ስላለው ነው፤ ኪቦርድ ግን በአራት ነጥብ ስለሚቆም የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ በእያንዳንዱ ምት ያንኳኳዋል። ለዚህ ነው ከሁለት ነጠላ ቁራጭ ይልቅ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደውን አንድ ዘንግ የምመርጠው። ቀጭን ኪቦርድ ከሆነ ዘንጉ ሌላም ጥቅም አለው፤ መሐሉን ስለሚደግፈው ሲመታ አይጎብጥም። ሁለት ቁራጭ የግድ ከሆነ ግን ከሁለቱ ዝቅ ባለው ሥር የከለመዳሪያ ቁራጭ እየጨመሩ ማስተካከል ይቻላል።

በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሰው በፈረቃ በሚሠራበት ቤት ምንም ነገር ከኪቦርዱ ጋር በቋሚነት መለጠፍ አይገባም። እኛ ጋ ጠዋት የምትገባው ልጅ አጭር ናት፤ ከሰዓት የሚተካት ወንድማችን ረጅም ነው። ለእሷ የሚስማማው ለእሱ ሥቃይ ስለሆነ ሽብልቁ ተነቃይ ነው፤ እሷ ከኋላ ታስገባዋለች፣ እሱ ነቅሎ ከፊት ያስገባዋል። ወንበር ሲቀያየሩ መደገፊያውንም መቀያየር እንዲለመድ ማድረግ የቤቱ ኃላፊ ሥራ ነው እላለሁ፤ ሠራተኛ ስለ እጁ ሕመም አፍ አውጥቶ መናገርን እንደ ስንፍና የሚቆጥርበት ቤት ብዙ ነውና።

የፊቱ ክፍል ከፍ ሲል መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ አስፈላጊነቱ ይጨምራል። ለዚህ ከጥብቅ ጨርቅ ጠባብና ረጅም ከረጢት ሰፍቶ ሰጋቱራ መሙላት ጥሩ ነው። እህል የሚሞሉ አሉ፤ እኔ እህልን ለዚህ ማዋል አልወድም፣ ሰጋቱራውም ከአናጺው ደጅ በነጻ ይገኛል። ሰጋቱራው በፀሐይ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ያለዚያ በክረምት ይሻግታል። ከረጢቱ ከኪቦርዱ የፊት ጠርዝ ከፍ እንዳይል፣ የሚያርፍበትም የመዳፉ ሥር እንጂ አንጓው ራሱ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት መተላለፊያ ያለው እዚያው ላይ ስለሆነ ከታች መጫን ከላይ እንደ መቀልበስ ያህል መጥፎ ነው። ማረፊያው በምትና በምት መሐል ለመተንፈሻ ነው፤ በሚጻፍበት ጊዜ እጅ ከላዩ ተነሥቶ መንቀሳቀስ አለበት። እጅን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ማጣመምን ግን ተዳፋት አያስተካክለውም፤ ለእሱ የሚበጀው ሺፍትን ከሚጻፈው ፊደል በተቃራኒ ባለው እጅ መጫንን መልመድ ነው።

በመጨረሻ ስለ ላፕቶፕ ልበል፤ ጥናታቸውን ራሳቸው የሚጽፉ ተማሪዎች ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ላፕቶፕ ላይ ኪቦርዱና ስክሪኑ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይበላሻል፤ ለዓይን ከፍ ካደረግነው እጅ ይሰቀላል፣ ለእጅ ዝቅ ካደረግነው አንገት ይጎብጣል። ረጅም ጽሑፍ ያለው ተማሪ ርካሽም ቢሆን አንድ ተጨማሪ ኪቦርድ ገዝቶ ላፕቶፑን በሁለት ሦስት ደስጣ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጥ፣ ኪቦርዱን ደግሞ ከላይ እንዳልኩት በማስመሪያ እየለካ ቢያስተካክል እጁም አንገቱም ያርፋሉ። ይህ ካልተቻለ ከላፕቶፑ ኋላ ሥር ሁለት የሃይላንድ ክዳን ማስገባት ለማቀዝቀዣው አየር ይጠቅማል፤ ለአንጓ የሚጠቅመው ግን ክንዱ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ብቻ ነው። ክዳኖቹ የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ እንዳይሸፍኑ ላፕቶፑን ገልብጦ ቦታውን አስቀድሞ ማየት፣ የሚቀመጡበትንም ቦታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።